የቡቺ አስታማሚ

ውሻችን ቡቺ እህል አልቀምስ ብሎ ሲያስመልሰው፣ እኔና ባለቤቴ ሐጎስ በባጃጅ አድርገን ከሮማናት አደባባይ ወዲያ ወዳለ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድነው። ሐኪሟ አገላብጣ አየችውና፣ «ወይ እዚህ ተኝቶ ግሉኮስ ይወስዳል፣ ወይ ቤት ሆኖ በየሰዓቱ በሲሪንጅ ፈሳሽ ይጠጣል። ቤት ከሆነ ግን ከአጠገቡ የማይጠፋ ሰው ይፈልጋል» አለች። ሐጎስ ሳያስጨርሳት፣ «ቤት ይሁን! እኔ ፈቃድ እወስዳለሁ» አይል መሰላችሁ! እኔን ታይፎይድ ጥሎኝ አንድ ቀን ከሥራ ያልቀረ፣ ጭራሽ «ራት ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰውዬ!

ለአለቃው ደውሎ፣ «ቤት ሰው ታሞብኝ ነው» አለ። ደግሞ ሰው! በማግስቱ በር ሲንኳኳ ብከፍት አለቃው ብርቱካንና ወተት ይዞ ቆሟል። «ምሕረት ያውርድልሽ ሓፍተይ! ምነው ከአልጋ ተነሣሽ?» አለኝ። እውነቱን ብናገር ባሌ ሊዋረድ ነው። ነጠላዬን ራሴ ላይ ጠምጥሜ አልጋ ላይ ወጣሁና አቃሰትኩ። ከጓዳ ደግሞ ሐጎስ፣ «አይዞህ የኔ ጌታ፣ አንዲት ጉንጭ ብቻ!» እያለ ይለምናል። አለቃው ደንግጦ፣ «ልጁም ታሟል እንዴ?» ሲለኝ፣ «ተላልፎበት ነው» አልኩት። ከንፈሩን መጠጠና በፈቃዱ ላይ አንድ ሳምንት ጨመረለት።

ቡቺ በሦስተኛው ቀን ድኖ ግቢውን ሲያተራምስ ዋለ። እኔ ግን ፈቃዱ እስኪያልቅ ከአልጋዬ ሳልወርድ የሐጎስን ሾርባ ጠጣሁ። ጨው ያበዛል እንጂ፣ ማስታመሙንስ ተክኖበታል።