የሐጂ ጀማሉ ሰላምታ በሬዲዮ

ዝናብ ካላባረረኝ በቀር ሰው ሱቅ ገብቼ ወሬ የምሰማ ሰው አይደለሁም። በዚያ ጠዋት ግን የገዳሪፍ ኸሪፍ፣ የክረምቱ ዝናብ፣ ገበያው መሀል ያዘኝና፣ ያለ ጃንጥላ በመውጣቴ ራሴን እየረገምኩ የሐጂ ጀማሉ መጋዘን ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ሐጂ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ገዳሪፍ ውስጥ ሰሊጥ ሲነግዱ ሸብተዋል። ልጆቻቸውን ስላስተማርኩ «ኡስታዝ» ይሉኛል። ጆንያ ላይ እንድቀመጥ በእጃቸው ጠቆሙኝ፤ አፋቸው ሥራ ላይ ነበር።

የስልክ ኔትወርክ እንደ ልብ ስለማይገኝ ሐጂ በቅርቡ የሬዲዮ መገናኛ ገዝተዋል። አንዱ ጠረጴዛቸው ላይ ነው፤ ሌላው በሀዋታ መንገድ እርሻ ለእርሻ በሚዞረው በሾፌራቸው በአዳሙ ሎሪ ላይ። ከጣሪያቸው በላይ ደግሞ ከሰፈሩ ሁሉ የሚታይ ረጅም አንቴና ቆሟል።

«አዳሙ፣ እንደምን አደርክ? ጤናህስ? ሚስትህ ትርፌ ደኅና ናት? ልጆቹስ? የትንሿ ሳል ተሻላት? ዝናቡስ እንዴት ይዟችኋል?»

አዳሙ ለእያንዳንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን» እያለ መለሰ። የሎሪው ጎማም በየተራ ደኅንነቱ ይጠየቃል ብዬ ስጠብቅ፣ በመጨረሻ ሎሪው ጭቃ ውስጥ መቀርቀሩ ተነገረ። ይህችን አንዲት ቃል ለማግኘት ስንት መንገድ እንደ ተጓዙ የሰማ ይፍረድ።

ሐጂ ማውሪያውን እንዳስቀመጡ የወንድማቸው ልጅ ኡምሰልማ የምትከናነበው ቶቧ በዝናብ ረጥቦ ገባች። ካርቱም የቴሌኮም ትምህርት ስትማር ጦርነቱ አቋርጦባት ወደ ገዳሪፍ የተመለሰች ልጅ ናት፤ አሁን በአንድ ክሊኒክ የሬዲዮ ክፍል ትሠራለች። ሰላም ካለችን በኋላ ሳትቀመጥ አጎቷን ታናግር ጀመረች።

«ዓሚ ጀማሉ፣ ላስቸግርዎ ነው የመጣሁት። ይህ የሚነጋገሩበት ሞገድ የክሊኒካችን ነው።»

«እንዴት የእናንተ ይሆናል? ሬዲዮውን በገንዘቤ ገዝቻለሁ!»

«ሬዲዮው የእርስዎ ነው፤ ሞገዱ ግን አይደለም። የሸጠልዎ ሰው ባገኘው ሞገድ ላይ አስተካክሎ ሰጥቶዎታል። ለንግድ ሬዲዮ የሚይዝ ሰው የመንግሥት ፈቃድ፣ ሩኽሳ፣ ያወጣል፤ በሩኽሳው የራሱ ሞገድና የጥሪ ስም ይሰጠዋል። አለቃችን ዛሬ ‹መስመራችን ላይ የሚያወራው ሰው ማን ነው?› ብሎ ጠየቀኝ። እስከ ማታ እነግርሃለሁ አልኩት።»

«አላውቅም ማለት አቃተሽ?»

«በእርስዎ እጅ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ድምፅዎን አላውቅም ብዬ እንዴት ልዋሽ?»

ልጅቱ በአጎቷና በሥራዋ መካከል ተይዛ እንደ መጣች ያን ጊዜ ገባኝ። ያለ ፈቃድ ሬዲዮ መያዝ በደኅናው ጊዜም ያስቀጣል፤ በጦርነት ጊዜ ደግሞ ሰላይ ያሰኛል። ሐጂ ግን ገና አልተረቱም።

«ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ አየሩ የአላህ ነው። መሬቱን ተከፋፈላችሁ፤ ሰማዩንም ልትሸነሽኑት ነው?»

«የኸሽም ኤል ቂርባ ውሃስ የማን ነበር?»

ሐጂ በወጣትነታቸው እዚያ በመስኖ ጥጥ ያለሙ ነበር። «የአላህ ነዋ!» አሉ።

«ታዲያ ለምን በተራ ታጠጡ ነበር?»

«ያለ ተራማ ከላይ ያለው ሁሉንም ይወስደዋል፤ የቦዩ ጫፍ ላይ ያለው ሰው ማሳው ይደርቃል።»

«ሞገዱም እንዲሁ ነው። ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ሲናገር ብርቱው ደካማውን ይውጠዋል። የእርስዎ አንቴና ረጅም ነው፤ ከእርሻ የሚጠሩን ሰዎች ያላቸው በእጅ የሚያዝ ትንሽ ሬዲዮ ነው። የቦዩ ጫፍ ላይ ያሉት እነሱ ናቸው።»

ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ። «እሺ ይሁን። ሩኽሳ አለኝ እንበል። ያኔም ‹አሳጥሩ› ትሉናላችሁ አሉ። ሰው እንደ ከብት ‹የት ነህ› ተብሎ ብቻ ይጠራል?»

«‹ሰላም› አንድ ቃል ነው፤ ይበቃል። የቀረውን ሲገናኙ ይጨርሱታል።»

«አዳሙ ጭቃ ላይ ብቻውን አድሮ ነው የጠራኝ። ብቻውን ያደረ ሰው ስለ ልጆቹ የሚጠይቀው ይፈልጋል።»

እውነት ለመናገር ይህ ንግግራቸው ልቤን ነካው። ኡምሰልማም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስለ አዳሙ ካሰቡ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። «ኬላ ላይ አስቁመው ሬዲዮውን ቢያገኙበት ምን ብሎ ያመልጣል? በሰው አገር ያለ ሾፌር ነው። ሩኽሳ ቢኖረው አሳይቶ ያልፋል።»

«አዳሙ ልጄ ማለት ነው» አሉ ሐጂ። ሆኖም እጅ መስጠት አልሆነላቸውምና፣ «ኸሪፉ ይውጣና እናየዋለን» ብለው ነገሩን ሊዘጉት ሲሉ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። የሴት ድምፅ ነበር።

«ክሊኒክ! ክሊኒክ! ለተሥላሴ ነኝ። እባብ የነደፈው ሰው ይዣለሁ። ያለነው ...»

«ነርሳችን ናት!» አለች ኡምሰልማ። ወዲያው ግን የነርሷ ድምፅ ጠፋና የአዳሙ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«ሐጂ፣ ቅድም በጭቃው ተናድጄ ሳልጠይቅዎ! ባለቤትዎ ሐጃ ናጂያ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውስ ተሻላቸው?»

ሐጂ ማውሪያውን ነጥቀው፣ «አዳሙ ዝም በል! ዝም በል!» ብለው ጮኹ።

«አይሰማዎትም» አለች ኡምሰልማ። «ቁልፉን ተጭኖ ሲያወራ ምንም አይሰማም። እስኪጨርስ መጠበቅ ነው።»

ጠበቅን። አዳሙ ሰላምታ ደኅና አድርጎ የተማረ ሰው ነው፤ ማንንም አይዘልም። ስለ ልጃቸው ስለ አኑዋር ጠየቀ፣ ስለ ሙሽራ ሚስቱ ጠየቀ፣ ጎረቤቱን ሁሉ አዳረሰ፣ ስለ ዝናቡ ፈጣሪውን አመሰገነ። ይህን ያስተማሩት ሐጂ ራሳቸው ናቸው። በየጥያቄው የሐጂ ፊት ሲጠቁር አየሁና አሳዘኑኝ።

አዳሙ ቁልፉን እንደ ለቀቀ ሐጂ ያለ አንዲት ሰላምታ፣ «እስክጠራህ አንድ ቃል እንዳትናገር!» አሉትና ማውሪያውን ለኡምሰልማ ሰጧት።

«ለተሥላሴ፣ እየሰማንሽ ነው፤ ድገሚው።»

የተነደፈው ዮኒ የሚባል፣ ሰሊጥ ለማረም የመጣ ወጣት ነበር፤ እግሩ እያበጠ ነው። ነርሷ ቦታውን ተናገረች፤ ከክሊኒኩም «ሰምተናል፤ መኪና ወጥቷል» የሚል መልስ መጣ።

ሐጂ ጆንያው ላይ ተቀመጡ። «ትናንትም እንዲሁ አውርቻለሁ፤ ከትናንት ወዲያም። ስንት ሰው ሲጣራ ዘግቼበት ይሆን?»

«አላውቅም፣ ዓሚ» አለች። መልሷ እውነት ስለ ነበር ከተግሣጽ ሁሉ ከበዳቸው።

«አለቃሽን እስከ ማታ አታስጠብቂው። አሁን እንሂድ፤ ሰውየው እኔ ነኝ እለዋለሁ። ከዚያ ሩኽሳ የሚሰጡበትን ቢሮ ታሳዪኛለሽ።» በዚያው ዝናብ ወጡ።

ጥፋታቸውን በአፋቸው ስለ ተናገሩ ነገሩ በማስጠንቀቂያ አለቀ፤ ሩኽሳው እስኪወጣ ሬዲዮዎቹ ተወሰዱባቸው፣ ሐጂም አልተከራከሩም። ሩኽሳው ሲደርስ የራሳቸው ሞገድና የጥሪ ስም አገኙ። ያ አንቴናም ማንንም መዋጡን ተወ። ይህን ያዩ ሌሎች ነጋዴዎችም በየተራ ቢሮ ሄዱ። አንባቢዬ ሆይ፣ ሕጉ የሚፈልገው ይኸው ነው፤ ፈቃድ ማውጣት፣ በራስ ሞገድ መናገር፣ ማንነትን ማሳወቅ፣ አሳጥሮ ለሌላው መልቀቅ። የሚጎዳን ነገር ካለው እኔ አላየሁትም።

ኸሪፉ ሊወጣ ሲል ደግሞ መጋዘኑ ጎራ አልኩ። ሬዲዮው፣ «ሰሊጥ አንድ፣ ሰሊጥ ሁለት ነኝ። ሰላም። ኬላውን አልፌያለሁ» አለ። ሐጂም፣ «ሰላም። ሰምቻለሁ። አበቃሁ» አሉና ከንፈራቸውን ነከሱ።

ሎሪው ሲደርስ ግን ሮጠው ወጥተው የአዳሙን እጅ ያዙ። ጤናውን፣ ትርፌን፣ ልጆቹን፣ ሳሉን ጠየቁ። እኔ ፀሐይ ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው፤ ያጠራቀሙት ብዙ ነበርና።

«ዮኒስ? እግሩስ?» አሉ በመጨረሻ።

«ዛሬ እርሻው ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሐጂን ሰላም በልልኝ ብሎኛል።»

«እንደገና ንገረኝ እስኪ፤ እንዴት አለ?» አሉ ሐጂ፣ እጁን ሳይለቁ።