እርድ የነካው አንሶላ

ነይ እስቲ ጠጋ በይ እህቴ፣ እዚህ ጋ ቁጭ በይ። መጀመሪያ ቀን ማሽኑ ሁሉ የሚጮኸው አንቺ ላይ ይመስልሻል፤ በሳምንትሽ ትለምጂዋለሽ። ዝናቡስ እንዴት ይዞሻል? ከማክሰኞ ወዲህ እኮ ፀሐይ የሚባል ነገር አላየንም። አንሶላውን ሁሉ እቤት ውስጥ አስጥተን ይኸው እንደምታይው ተጋርደን ቀረን። ከኋላው ሰው ቢቆም እንኳ አይታወቅም... ኮቴ ሰማሽ? አይ፣ ማንም የለም። አይጥ ትሆናለች። ላውንደሪ ውስጥ አይጥ አይጠፋም።

ምነው እጄን አየሽው? አዎ፣ ካልሲ ነው የማዛምደው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ካውያ ይዤ ቆሜ የሆቴሉን አንሶላ ስተኩስ ኖሬ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ካልሲ ላይ ተመደብኩ። ቅር ያለኝ መሰለሽ? በፍጹም! ቁጭ ብሎ መስራት ለወገብ ጥሩ ነው ብለውኛል። ማን አለሽ ብትይኝ... አንድ ደግ ሰው። ስም አልጠራም። ማን የት እንደሚሰራ የሚመድቡን እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ የተረፋቸውን ጊዜ ደግሞ ለጤናችን ሰውተውታል።

ምን ያላደረጉልን ነገር አለ? ጠዋት ስትገቢ፣ ገና ጃኬትሽን ሳታወልቂ፣ ነጭ ሽንኩርት! ጥሬውን፣ ሁለት ፍሬ። ለደም ዝውውር ነው ይላሉ። የኛ ደም መዘዋወሩን እንጃ፣ ደንበኞቻችን ግን ተዘዋውረው ማዶ ያለው ላውንደሪ ገቡ። ዝንጅብል ለጉንፋን፣ ቀረፋ ለስኳር፣ ተልባ ለሆድ... ጥቁር አዝሙዱስ ለምንድነው ብዬ ብጠይቅ "ለሁሉም" አሉኝ። ሐኪም ናቸው እንዴ? ኧረ ምን በወጣቸው! ሐኪም ስንት ዓመት ሙሉ ሲደክም ይኖራል፤ እሳቸው ስልካቸውን ከፍተው በአንድ ከሰዓት ጨረሱት። ጭንቅላት ካሉ አይቀር እንዲህ ነው።

ከዚያ እርዱ መጣ። ለቁርጥማት፣ ለመገጣጠሚያ ተብሎ፣ በሙቅ ውሃ ከማር ጋር፣ በዚያ በትልቁ ኩባያ። መስኮቱ ስር ያለውን አበባ አየሽው? እንዴት አምሮበታል! በፊት ሊሞት ነበር እኮ። የኔን ኩባያ በየቀኑ የሚጠጣልኝ እሱ ነው። እኔ እንኳን ልጠጣው፣ በጣቴም አልነካሁት። ግን ሐሰት አልናገርም፣ መድኃኒቱ ይሰራል። አበባው እስከ ዛሬ አንድ ቀን ጉልበቴን አለኝ ሲል አልሰማሁትም።

ሰኞ ለት ምን ሆነ መሰለሽ... እኔ አላየሁም፣ ሰው ሲያወራ ነው የሰማሁት። አንድ ሰው እርዱን ከማር ጋር በእጃቸው እየለወሱ ሳለ ሆቴሉ ደወለ። አንሶላው አሁኑኑ ይምጣ አለ። ታዲያ እኚህ ሰው ዝም ብለው ይቀመጣሉ? እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው ሊያግዙን ገቡ። አለቃ ሆኖ የሚያግዝ ስንት አለ? አርባ አንሶላ፣ አንድም ሳይቀራቸው ዳበሱት። ቢጫ መሆኑን ሲያዩ ደግሞ ደንገጥ ብለው ሳሙና ውስጥ ነከሩት። በሳሙና! የዚህ ቤት ድመት እንኳ ይሄን አትስትም፤ እርድ ሳሙና ሲነካው ይቀላል እንጂ መች ይለቃል? አርባ አንሶላ ላይ አርባ ቀይ እጅ። የሆቴሉ ሰውዬ የመጀመሪያውን ዘርግቶ ሲያይ ሰው የተገደለ መስሎት ጮኸ አሉ።

ጋሼ፣ የቤቱ ባለቤት ማለቴ ነው፣ መንገድ ላይ ነበሩ። በስልክ "ማነው የነካው?" ሲሉ ምን ተብሎ ቢመለስላቸው ጥሩ ነው? "ካውያ የያዘችው ናት፣ እጇን አትታጠብም።" እኔን! አልደብቅሽም እህቴ፣ እቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። አስራ አንድ ዓመት እኮ ነው... ተይው። አልተቀየምኩም። ሲጨንቃቸው ትዝ ያልኳቸው እኔ ነኝ፣ ይሄም ፍቅር ነው።

ከዚያ ወዲህ ጓንት ያደርጋሉ። እስከ ክርናቸው ድረስ። ምሳም በጓንት፣ ሻይም በጓንት። ቅመሙ ከቆዳዬ እንዳይተን ነው ይላሉ፤ ማን ያውቃል፣ ስልኩ ላይ ይኖር ይሆናል። ሳሙናችንም ካለወትሮው ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ይፈትጉ፣ ምን ከፋ? በፈተጉት ቁጥር ይደምቅላቸዋል።

ይሄን ደግሞ ለሙያሽ ያዢው። እርድን በረኪናም ሎሚም አያስለቅቀውም። ፀሐይ ነው! ጥሩ ፀሐይ ላይ ካሰጡት ብን ብሎ ይጠፋል። ጨርቅ እንዲያ ከሆነ እጅም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም... እኔ አልሞከርኩትም፣ የኔ እጅ አልተነካ።

ዛሬ ለምን ሁሉም ሰው መዳፉን እያገላበጠ እንደሚያይ ገባሽ? ጋሼ አንዷን አንሶላ አስቀርተዋታል። ከሻይ በኋላ ይመጣሉ፤ ሁላችንም እጃችንን እዚያ ቀይ እጅ ላይ እናሳርፋለን። እጁ የገጠመ ይሰናበታል። እኔ ካልገጠምኩ ካውያዬ ይመለስልኛል፣ ከገጠምኩ ካልሲውም የለ። መዳፌን እይው እስቲ፣ ትሪ አያክልም? አንሶላው ላይ ያለው ደግሞ ትንሽዬ ነው፣ መሀል ጣቱ ላይ የቀለበት ክብ ያለበት። እንዲህ ያለ ቀለበት የሚያደርግ ሰው አይተሻል? አይ አንቺ... ጓንት ውስጥ ያለ ነገር ከየት ይታያል!

ውይ! ፀሐይ ወጣች! እይው እስቲ ግቢውን፣ እንዴት ቦግ አለ! ደግሞ አንሶላውን ማን ነው እንዲህ ያወዛወዘው? አይጧ ናት፣ ወደ ግቢ ልትሮጥ ነው። እንዴ፣ ጓንቷን አውልቃ ጥላለች! በህይወትሽ ጓንት የምታወልቅ አይጥ አጋጥሞሽ ያውቃል?

የመኪና ጥሩምባ ሰማሽ? ጋሼ ናቸው፣ በግቢው በኩል እየገቡ ነው። በሩን ገርበብ አድርጊው እባክሽ፣ ሁላችንም እዚሁ እንጠብቃቸው እንጂ ማን ይወጣል? በይ አሁን እኔ ልመርቅ፣ አንቺ ጮክ ብለሽ አሜን በይልኝ። ለኛ የደከመው እጃቸው... እጃቸውን ቁርጥማት አይንካው። ብርድ አይንካው። ዛሬ ደግሞ፣ የኔ እናት፣ ፀሐይም አይንካው።