ዘይቱና ያየችው ጠላ

ጌጤ አንድ እንስራ ሙሉ ጠላ ተሸክማ ወረደችና ለሮቢ ወንዝ አጠጣችው። ወንዙ አልተጠየፈም፤ ሰው የተጠየፈውን ይዞ ወደ ቆላው ነጎደ። ጠጪ ጠፍቶባት እኮ አይደለም። ለጣሊያን መንገድ የሚቆፍረው ሠራተኛ፣ የካሚዮኑ ረዳት፣ ከደጋ ገብስ ጭኖ የሚወርደው ነጋዴ፣ ሁሉም ሸዋ ሮቢት የሚደርሰው ጉሮሮው ደርቆ ነው። የጠፋው ጠላው ነበር። ከመጋቢት ወዲህ የጠመቀችው ሁሉ ገና ሳይጠጣ እየሆመጠጠ ሆዷን አሳርሮታል።

ከወዲያ ማዶ አንድ ወጣት መንገደኛ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግሩን ይታጠባል። ብድግ ብሎ እጅ ነሣ።

«እንደምን ዋሉ እትዬ። ወንዙ ምን ውለታ ቢውልልዎት ነው እንዲህ የሚጋብዙት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ጋባዥስ ለሰው ነበርኩ። ዓይን በላብኝ እንጂ።»

«የማን ዓይን?»

«የዘይቱና። የሸክላ ሠሪዋ ጎረቤቴ።»

ይህን ያለችው ድምፅዋን እንኳ ዝቅ ሳታደርግ ነው። በገበያ ደጋግማ ተናግራው ምላሷ ለምዶታል። ክፉ ወሬ መጀመሪያ ሲወጣ ያንቃል፤ ኋላ ግን እንደ ሰላምታ ይቀላል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጌጤ የደብረ ሲና ሰው ናት። ጣሊያን ሲገባ ቤቷ ተቃጠለና ባለፈው ጥቅምት ሟች እህቷ ትታው ወደሄደችው ባዶ ጎጆ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረደች። ያን ጊዜ ሰሌን ያነጠፈችላት፣ ውሃ የቀዳችላት፣ «ሠርተሽ ትኖሪበታለሽ» ብላ የመጀመሪያውን ጋን በነፃ የሰጠቻት ዘይቱና ነበረች። በአንድ አጥር ሥር እንደ እህትማማች ይኖሩ ጀመር። በመጋቢት ዘይቱና ሁለተኛውን ጋን ይዛ መጣች፤ የሚፈላውን ጠላ አጎንብሳ አየችና «ማሻአላህ» አለች። ጠላው ሳይውል ሳያድር ሆመጠጠ። ከዚያ ወዲያ ጌጤ አፏን አልያዘችም። ያገሩም ሰው ቢሆን ሸክላ ሠሪ ሲባል ድሮም ነገር ይፈልጋል፤ ዘይቱና ስታልፍ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር፤ ምጣዷንና እንስራዋን የሚነካ ጠፋ። አሁን ዕቃዋን በገለባ እየጠቀለለች ነው። ወንድሟ ካለበት ወደ አሊዩ አምባ ልትሄድ፣ ላትመለስ።

ወጣቱ ደምመላሽ ይባላል። አዲስ አበባ አስኳላ ገብቶ የተማረ፣ ከዚያም ከቢራ ፋብሪካ ተቀጥሮ ከፈረንጅ ጠማቂ ሥር የሠራ ነው። ከየካቲቱ እልቂት በኋላ ከተማው አላስቀምጥ ቢለው ጀውሃ ወዳለች አክስቱ እየወረደ ነበር። ጌጤ እንግዳን በደረቁ የምታሰናብት ሴት አይደለችምና ቤቷ ወስዳ ቆሎና ውሃ አቀረበችለት። ጠላ ማቅረብ አለመቻሏ ግን ከእሳት ይልቅ አቃጠላት።

ደምመላሽ ቆሎውን እየቆረጠመ ወደ ባዶው ጋን ሄደ፤ አጎንብሶ አሸተተ።

«በምን ያጥቡታል እትዬ?»

«በግራዋ አሽቼ፣ በወይራ አጥኜ። የማላውቅ መሰለህ?»

«አይ፣ ደንበኛ ነው። ግን ከታች ያለውስ ምንድን ነው?»

«እሱማ የጋኑ ዘር ነው። የፊተኛው አተላ ነው። እናቴ ‹የጋን ታች አይነካም፣ በረከቱ እዚያ ነው› ትል ነበር። በደብረ ሲና ሁሉም እንዲሁ ያደርጋል።»

«እናትዎ ልክ ነበሩ፤ ለደብረ ሲና። እዚያ ብርዱ አተላውን አስተኝቶ ያኖረዋል። እዚህ ግን የቆላ ሙቀት ሲያገኘው ይነቃና አዲሱን ጠላ ያሆመጥጠዋል። የደጋ ልማድ ይዘው ቆላ ወረዱ፤ ጥፋቱ ይኸው ነው። የሰው ዓይን ምን አደረገ?»

ጌጤ ፊቷን አጠቆረች። ትናንት የተወለደ ልጅ የእናቷን ነገር ሲነካባት ማን ይወዳል?

«አስኳላ የገባ ሰው ዓይን የለም ይላል አሉ። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ የጠመቅኩት ሁሉ ያምር ነበር። ያየችው በመጋቢት፣ የተበላሸው በመጋቢት። ይህን ምን ትለዋለህ?»

«በመጋቢት ከዘይቱና በቀር የመጣ የለም? ፀሐዩስ?»

ጌጤ በደጁ የገባውን ፀሐይ አየት አደረገች።

ደምመላሽም ረጋ ብሎ ቀጠለ። «እትዬ፣ ያ ፈረንጅ ጠማቂ አንድ ቀን የበርሜል አተላ በማጉሊያ መነጽር አሳየኝ። በባዶ ዓይን የማይታዩ ረቂቅ ነገሮች ሲርመሰመሱ አየሁ። አንዳንዱ መጠጡን የሚያፈላ ነው፤ አንዳንዱ የሚያሆመጥጥ። መጥፎውን የሚገድለው እሳትና ንጽሕና ነው። ጠላዎን ያበላሸው የሚያይ ዓይን ሳይሆን፣ እኛ የማናየው ነገር ነው።»

«አንተ በሰው መስተዋት ያየኸውን ታምናለህ፤ እኔ በገዛ ዓይኔ ያየሁትን አልመን?»

«አይመኑኝ። እንሥራውና ይዩት። የሚጠጣልዎት ከሆነ ቢራ እናድርገው።»

ቢራ ሲባል ጌጤ ቀና አለች። ከመንገዱ ዳር ጣሊያኖች ካንቲና የሚሉት መጠጥ ቤታቸው አለ፤ ደጁ ላይ ለነጭ ብቻ የሚል ተጽፏል። ያገሩ ሰው ውስጡን አያውቀውም። ከጓሮው የተጣለ ባዶ ጠርሙስ እያነሣ ሲያሸት ግን አይታለች፤ ሽማግሌ ሰው ሳይቀር። ባየች ቁጥር ታፍርላቸው ነበር።

«ቢራ ከምን ይሠራል?»

«ከገብስ፣ ከብቅል፣ ከውሃ። የፈረንጅ መራራ አበባ ይጨምሩበታል፤ እኛ ጌሾ አለን። ገብሱ ግን አይቆላም፤ ብቅሉም በጥላ ይደርቃል። ስለዚህ አይጠቁርም፣ እንደ ማር ይጠራል።»

«አሻሮ የሌለው ጠላ ምኑ ጠላ ነው?»

«ቢራ ነው።»

ጌጤ ሳታስበው ፈገግ አለች። «እሺ፣ ከዚያስ?»

«ብቅሉ በሙቅ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ጣፋጩ ውሃ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል፤ ከዚያ ከጌሾው ጋር እሳት ላይ ይንተከተካል።»

«ጠላ ይጣዳል እንዴ? ወጥ መሰለህ?»

«እሳት ካየው ምን ለየው ይሉ የለ? እሳት ያየው ነገር ከክፉው ይነጻል። ጋኑም አተላው ተፍቆ በፈላ ውሃ ይታጠባል። ከዚያ መጠጡ ሲቀዘቅዝ ከጎረቤት ያልሆመጠጠ ጠላ አረፋ ወስደን እናስነሣዋለን፤ ጋኑን እርጥብ አሸዋ ውስጥ እስከ አንገቱ እንቀብራለን። ነገር ግን አንድ ነገር አለ። ዘይቱና በየቀኑ እየመጣች ታየዋለች።»

ጌጤ ደነገጠች። «ለምን ሲባል?»

«ዓይኗ ከሆነ የሚያበላሸው፣ ይበላሻል፤ እኔም አፌን ይዤ ጀውሃ እወርዳለሁ። ካልተበላሸ ግን፣ አንቱ በገበያ የተናገሩትን በገበያ ይመልሳሉ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው እትዬ። ሴትዮዋ አገሯን ልትለቅ ነው።»

ይህ ቃል ጌጤን ነካት። በአጥሩ ቀዳዳ የገለባውን ክምር ስታይ ሰንብታለች፤ እንዳላየች መስላ ነው እንጂ። ተያይዘው ሄዱ።

ዘይቱና ደጇ ላይ ጀበና ትጠቀልል ነበር። ደምመላሽ የመጣበትን አስረዳ። እሷም እጇን ሳታቋርጥ ሰማችውና፣

«አንተ ልጅ፣ አላህ ይስጥህ፤ ግን ነገሩን አስበኸዋል?» አለች። «ቢያምር ያንተ ጥበብ ነው ይባላል። ቢሆመጥጥ የኔ ዓይን ነው። ዛሬ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ያን ጊዜ በድንጋይ ያባርሩኛል።»

እውነቷን ነው። የተማረ ሰው አንዳንዴ የሌላውን ሰው ኑሮ መያዣ አድርጎ ይወራረዳል።

«ጌጤ ራሷ ትጠይቀኝ» አለች ዘይቱና።

ጌጤ መሬት መሬት እያየች፣ «እስቲ ነይና እይው» አለች።

«ያን ቀን ምን ብዬ እንደነበር ታስታውሻለሽ?»

«ማሻአላህ አልሽ። አደነቅሽና በላሽው።»

ዘይቱና ጀበናውን አስቀመጠች። «ማሻአላህ ማለት ‹አላህ የሻው ሆነ› ማለት ነው። እኛ ያማረ ነገር ስናይ ይህን የምንለው ዓይን እንዳይነካው ነው ጌጤ። ለጠላሽ ብዬ አይደለም፤ እኔ ጠላ ምን ያደርግልኛል? ላንቺ ብዬ ነው።»

ጌጤ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ደጋ ሳለች ቃሉን በገበያ ትሰማው ነበር፤ የነጋዴ አድናቆት ይመስላት ነበር እንጂ ፍቺውን ጠይቃ አታውቅም። ሳይጠይቁ ማወቅ የለም፤ ሳያውቁ መፍረድ ግን ሞልቷል።

«እመጣለሁ» አለች ዘይቱና። «ኢንሻአላህ፣ አይቼው እሄዳለሁ።»

በማግስቱ ሥራው ተጀመረ። ጌጤ አተላውን ለመፋቅ እጇን ጋኑ ውስጥ ሰደደችና እዚያው ቆመች፤ የእናቷን እጅ የምትለቅ መሰላት፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ከዚያ ፋቀችው። በፈላ ውሃ አንዴ፣ ደግማ፣ ሠልሳ አጠበችው። ደምመላሽ የሚያዘውን ሁሉ እያጉረመረመች ታደርጋለች፤ ብቅሉን ስትዘፈዝፍ ግን ማጉረምረሟ ቀረ፤ ሥራ የሚወድ እጅ አዲስ ሥራ ሲያገኝ ይደሰታል። በጨርቁ የተጠለለው ውሃ እንደ ወለላ ጥርት ብሎ ሲወርድ፣ «አንተ፣ ይሄስ ያምራል» ብላ አመለጣት።

ጋኑ በጓሮዋ ካለው የሾላ ዛፍ ሥር እርጥብ አሸዋ ውስጥ ተቀበረ። ዘይቱና በየማለዳው ትመጣለች፤ ክዳኑን ራሷ ታነሣለች፤ አጎንብሳ ታያለች፤ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ማሻአላህ» ትልና ትሄዳለች። መጀመሪያ ቃሉ በተሰማ ቁጥር የጌጤ ትከሻ ይሰበሰብ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ዘይቱና ስትዘገይ ጌጤ ወደ አጥሩ ማየት ጀመረች።

አንድ ማለዳ አረፋው ጠፍቶ ተገኘ። ጌጤ ክው አለች። ዘይቱናም ክዳኑን እንደያዘች ደርቃ ቀረች፤ ከአጥር ውጭ የቆሙት ሴቶች እርስ በርሳቸው ተያዩ። አሁን ጌጤ አንድ ቃል ብትተነፍስ የዘይቱና ነገር አብቅቶለት ነበር። ያ ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። ወደ ደምመላሽ ዞራ፣ «ምን ሆነ? ሥራውን ነው የምጠይቅህ» አለች።

እሱም በንጹሕ ቅል ቀድቶ አሸተተ፤ ቀመሰ። «ምንም አልሆነ። መፍላቱን ጨረሰ፤ የጨረሰ መጠጥ አረፋው ይሰምጣል። ይቅመሱት።»

ጌጤ ቀመሰች። መራራነቱ ለስለስ ያለ፣ ጥርት ያለ፣ ኮምጣጣነት የሌለው። ዘይቱናን ቀና ብላ አየቻትና ራሷን ነቀነቀች። ዘይቱና ቀስ ብላ ክዳኑን መለሰች።

ከካንቲናው ጓሮ የተሰበሰቡት ጠርሙሶች በፈላ ውሃ ታጥበው ተሞሉ፤ በገበያ ቀን ወጡ። መጀመሪያ የቀመሰው የካሚዮን ረዳት ነበር፤ ጣሊያን አለቃው የሚያስተርፈውን ተደብቆ ሲጨልጥ የኖረ ነውና ቢራ ያውቃል። ግማሽ ካደረሰ በኋላ ዞር ዞር ብሎ አየ።

«እናንተ፣ ይህን ከካንቲናው ማን አወጣው? ያሳስረናል እኮ።»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ጠርሙስ ሲያሸት የኖረ አንድ ሽማግሌም ተቀብሎ ጠጣና፣ «ለካ በኛም ቤት ይሠራል» አለ።

ያኔ ጌጤ ተነሣች።

«ስሙኝ ያገር ሰዎች። ዘይቱና ጠላዬን በዓይኗ በላችው ብዬ ነበር። ዋሽቻለሁ። ጠላዬን ያሆመጠጠው የገዛ አተላዬ ነው። ይህ የምትጠጡት ከተጠነሰሰበት ቀን ጀምሮ በየማለዳው ዘይቱና ያየችው ነው። እሷ ከዓይን ልትጠብቀኝ የተናገረችውን ቃል እኔ ዓይን አደረግኩት። በድያታለሁ።»

አንዲት ሴት ከልጇ ፊት ላይ ነጠላውን ገለጠች። ሌላዋ ወደ ዘይቱና መደብ ሄዳ እንስራ አነሣች።

ከዚያ ወዲያ የሆነው መልካም ነው፤ መልካም ነገር ደግሞ ሊነገር ይገባዋል። ጠላ ሻጮቹ ሁሉ ጋን በፈላ ውሃ ማጠብ ያዙ፤ የጠመቁት አይደፋም፤ ገብሱ አይባክንም፤ ጠጪውም ሆዱን አያመውም። በካንቲና ደጅ ባዶ ጠርሙስ የሚያሸት ጠፋ። አሸዋ ውስጥ የሚቀበር ጋን ወፍራም ሸክላ ይፈልጋልና የዘይቱና ሥራ ከመቼውም በለጠ። ጠጪው ደግሞ ሳይቀምስ በፊት «ዘይቱና ያየችው ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ለመደ፤ ዘይቱና ይህን ስትሰማ «አስተግፊሩላህ፣ ስሜን ከመጠጥ ጋር አታጋቡት» እያለች ትስቃለች። ዕወቁ፣ ልማድን ማክበር ደግ ነው፤ ከአገሩ አየር ጋር እየመዘኑ ሲሆን ነው ግን።

ደምመላሽ ወደ ጀውሃ በሚወርድበት ማለዳ ጌጤ አዲስ ብቅል ዘፍዝፋ ነበር። ጣፋጩን ውሃ ካጠለለች በኋላ፣ ጌሾ ሳይገባበት፣ ሳይቦካ፣ አንድ ጣሳ ሞልታ ቀዳችና በአጥሩ ቀዳዳ አሻገረችው።

«ይህ ያንቺ ነው። ገና መጠጥ አልሆነም።»

ዘይቱና ቢስሚላህ ብላ ጠጣችው። «ይጣፍጣል» አለች።

የቀረውን ከጌሾ ጋር አንተክትካ ጋኑን አሸዋ ውስጥ ከቀበረች በኋላ፣ ጌጤ ለሚቀጥለው ጥንስስ ጌሾ ልታመጣ ወደ ደብረ ሲና መሄድ ነበረባት። ነጠላዋን አጣፋች፤ በሩን ገርበብ አደረገች፤ ደምመላሽ የወረደበትን ቁልቁል መንገድ አየት አድርጋ ወደ አጥሩ ተመለሰች።

«ዘይቱና» አለች፤ «እስክመለስ ጋኑን እይልኝ።»