ደም መላሹ ተደብቋል

(ከሰዓት በኋላ፣ የቆዳ ክሊኒክ በራፍ። የእድር ጡሩምባ ነፊው አባባ እንግዳሸት በተጠቀለለ እግራቸው እያነከሱ ከሕክምና ክፍል አምልጠው ወጥተዋል፤ የአሥራ አምስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ሶልያና ኮታቸውን ይዛ ትጎትታለች።)

ሶልያና፦ አባባ፣ ቁም! በአንድ እግር እንዲህ የሮጥክ በሁለት ቢሆን ማን ሊይዝህ ነበር?

እንግዳሸት፦ ልቀቂኝ! ነርሷ «ደም መላሽዎ ተደብቋል፣ ልፈልገው» ስትል አልሰማሽም? እኔ የማንም ደም የለብኝም! ማን ነው የሚሸምቅብኝ?

ሶልያና፦ ኧረ በሳቅ ገደልከኝ! ደም መላሽ እኮ የደም ሥር ነው! ክንድህ ላይ ያለው፣ ደሙን ወደ ልብ የሚመልሰው።

እንግዳሸት፦ ቁስሉ እግሬ ላይ፣ እሷ ክንዴ ላይ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ።

ሶልያና፦ ከክንድህ ትንሽ ደም ትቀዳና በማሽን ታሽከረክረዋለች። ፕሌትሌቱ ተለይቶ ሲወጣ ቁስሉ ላይ ታደርግልሃለች።

እንግዳሸት፦ ፕሌ... ምን? ምላሴን አሰርሽው።

ሶልያና፦ ደም የሚያረጋው ነገር፣ በዓይን የማይታየው። ስንቆረጥ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው።

እንግዳሸት፦ ደርሶ ምን ፈየደ? ያ ቆርቆሮ ከቆረጠኝ አምስት ወሩ!

ሶልያና፦ ስኳር ስላለብህ ነዋ! ቁስሉ ዳር ያሉት የቆዳ ሴሎች ለጥ ብለው ተኝተዋል። አንተ ሳትነፋ የሰፈር ሰው ለቀብር ይወጣል?

እንግዳሸት፦ እኔ ሳልነፋ? የገዛ ሟቹንም አይቀብርም!

ሶልያና፦ ይኸው! ፕሌትሌትም የቁስል ጡሩምባ ነፊ ነው። «ተነሱ! ተባዙ!» ይላቸዋል። እነሱም እየተባዙ፣ ከዳር ወደ መሀል እየተሳቡ ቁስሉን ያለብሱታል።

እንግዳሸት፦ ሁሉም ይነሳል?

ሶልያና፦ ሐኪሙ በእርግጠኝነት ይነሳል አላለም። አንዳንዱ ቁስል ደጋግመው ካልነፉበት አይሰማም።

እንግዳሸት፦ ድምፁስ? እንደ ዘውገ እንዳይሆን ብቻ! እኔ ስታመም ጡሩምባዬን በውሰት ይዞ ትናንት ሲነፋ የተሰበሰበው ውሻ ነው።

ሶልያና፦ እሱን እንኳ ተወው፣ በውሰት መሆኑ ሊቀር ነው። እሁድ ስብሰባው ላይ ሕክምና ጀምሬያለሁ ካላልክ፣ እድሩ ጡሩምባውን ለጋሽ ዘውገ ሊያጸድቅላቸው ነው።

እንግዳሸት፦ ለዚያ ለታነቀ ፍየል?!

ሶልያና፦ ታዲያ ግባ!

እንግዳሸት፦ ነገ።

ሶልያና፦ ለምን ነገ?

እንግዳሸት፦ ዛሬ... ደሜ ደክሞታል።

ሶልያና፦ አባባ! መርፌ ፈርተህ ነው እንዴ?

እንግዳሸት፦ ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል! ርዝመቷን አይተሻታል? ጎሽ ትወጋለች እኮ!

ሶልያና፦ ወይኔ! የሰፈሩን ሬሳ ሁሉ የሸኘ ጀግና!

እንግዳሸት፦ ሬሳ መርፌ አይይዝም። እሺ፣ አንቺ አብረሽኝ ገብተሽ እጄን ትይዣለሽ።

ሶልያና፦ እኔ? እኔ... እዚህ በር ላይ ሆኜ ልጸልይልህ።

እንግዳሸት፦ ምነው ፊትሽ ነጣ?

ሶልያና፦ ደም ካየሁ እወድቃለሁ። ባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ እንቁራሪት ሲቀደድ ሁለቴ ተዘርሬያለሁ። እንዳትነግርብኝ!

እንግዳሸት፦ እንዲህ ነሽና ነው እኔን የምትጎትቺ? በይ ነይ እንግባ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ፤ እጅሽን እኔ እይዝልሻለሁ።