የአዛውንቱ ቺዩ አቤቱታ

አዛውንቱ ቺዩ ጌንፋ አውቶቡሱ ካመለጣቸው ሩብ ሰዓት አልፏል። ቀይ ማኅተም ያረፈበትን አቤቱታ ደረታቸው ላይ አጣብቀው አሁንም ፌርማታው ላይ ቆመዋል። የከተማው አስተዳደር አዲስ ፋብሪካ ሊተክል ያሰበው እሳቸው ተራራ ላይ ሠላሳ ዓመት በለፉበት፣ ያንግሜይ የሚባል ቀይ ፍሬ በሚሰጡ ዛፎች ማሳ ላይ ሲሆን፣ ተቃውሞ የሚቀበለው እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው።

በዚያ ስታልፍ የጎረቤታቸው ልጅ ፌይዩን አየቻቸው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የተመለሰች ናት።

«አጎቴ ቺዩ፣ በልተዋል?» አለች እንደ አገሩ የሰላምታ ልማድ።

«ምን ልብላ ልጄ! አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ። ዛሬ ካላደረስኩ ዛፎቼ አለቁ።»

«ታዲያ እዚሁ ሆነው በስልክ ያስገቡታላ!»

«ማኅተም የሌለውን ማን ይሰማዋል? ይህችን ለማግኘት አራት ቀን በተዋስኩት ሞተር ሳይክል ተንከራትቻለሁ።»

«ለዛፍ ሊከራከሩ የአራት ቀን ቤንዚን አቃጠሉ!»

አዛውንቱ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። ለወረቀት መስገድ ክፉ ልማድ ነው፤ ሰውን ከቢሮ ቢሮ ያንከራትታል፣ መንገዱንም በጭስ ይሞላል።

ፌይዩን የፌርማታው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣቸው የከተማውን የመሬት ካርታ በስልኳ ከፈተችላቸው።

«ይህ ግራጫው ምንድን ነው?»

«ተሠርቶበት ባዶ የቀረ መሬት። ይኸውና፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው የድሮው ክር ፋብሪካ።»

«እኔ እኮ ወጣትነቴን እዚያ ነው የጨረስኩት! ጣሪያው እንኳ ደህና ነው። ታዲያ ተራራዬ ላይ ምን ያመጣቸዋል?»

«ይህንኑ ይንገሯቸው! እዚያ ቢሆን ሠራተኛው በእግሩ ይገባል፣ ዕቃው በባቡር ይሄዳል።»

አዛውንቱ ተናገሩ፣ ልጅቷ በስልኳ የአስተዳደሩ አቤቱታ መቀበያ ገጽ ላይ ጻፈች። በመጨረሻ ስልኩ ማንነታቸውን ሊያረጋግጥ ዓይናቸውን እንዲጨፍኑና እንዲገልጡ ጠየቃቸው።

«በዚህ ዕድሜዬ ለመንግሥት ልጥቀስ?»

«ይጥቀሱ አጎቴ፣ ሰዓቱ ሄደ!»

ጠቀሱ። ወዲያውም «አቤቱታዎ ደርሶናል» የሚል መልስ መጣ። አዛውንቱ ሦስት ጊዜ አነበቡት።

ከሁለት ወር በኋላ ፋብሪካው በድሮው ክር ፋብሪካ ግቢ እንዲሆን ተወሰነ። ፍሬው ሲበስል አዛውንቱ ቅርጫት ሙሉ ይዘው የፌይዩንን በር አንኳኩ።

«ልጄ፣ ተሳስቼ ነበር። መንግሥት መሬቱን ቁልጭ አድርጎ ካሳየን፣ እኛም ከቤታችን ሆነን ከተናገርን፣ ባዶው ሕንፃ ሥራ ላይ ይውላል፣ ዛፉም ይቆማል፤ ጭሱም ይቀንሳል። አሁን በስልክ ማመልከትን ለጎረቤቱ ሁሉ የማስተምረው እኔ ነኝ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ፌይዩን አንዷን ፍሬ አፏ ውስጥ ከተተች። አዛውንቱ እስክትውጥ ጠበቁና፣

«አንቺ ባትኖሪ ይቺ ፍሬ ሲሚንቶ ነበረች» አሏት።