ነጭ መኪና ለሚኒሶታ

ዳላስ አጠገብ ካለችው ዩለስ ወደ ኤርፖርት በሚያመላልሰን የሠራተኞች ባስ ላይ፣ ከፊቴ አንዲት ወጣት ሴትና አንድ ጎልማሳ ተቀምጠው ያወራሉ። ከአካላቴ ሁሉ ያልከዳኝ ጆሮዬ ብቻ ስለሆነ ሰማኋቸው።

«ቅዳሜ ሚኒሶታ ሙቭ ላደርግ ነው፣ ጋሼ። እርስዎ እዚያ ታክሲ ነድተዋል አሉኝ።»

«አሥራ ሁለት ክረምት! መኪና ገዛሽ?»

«ዛሬ ከሰዓት ልፈርም ነው። ነጭ ናት።»

«ለምን ነጭ?»

«ፀሐይ አትስብማ!»

«አይ የዳላስ ሰው! በረዶ ውስጥ በአካፋ ስትፈልጊያት ልትውይ ነው?»

«ወይኔ! እዚያ የምሠራበት ሆስፒታል እኮ ለሙከራ ነው የቀጠረኝ፤ ካረፈድኩ ያባርሩኛል።»

«ሶ ስሚኝ። ሪሞት ስታርት አላት?»

«የላትም።»

«ቢኖራት ከኩሽና ሳትወጪ አስነስተሽ ታሞቂያት ነበር። የሞተር ማሞቂያስ? ማታ እንደ ስልክ ግድግዳው ሶኬት ላይ ትሰኪዋለሽ።»

«ኦል ዊል ድራይቭ ግን ናት፤ አራቱም ጎማዋ ይጎትታል!»

«እሱ ያስኬድሻል እንጂ አያቆምሽም። የሚያቆምሽ የበረዶ ጎማ ነው።»

«የሚሞቅ መቀመጫስ? ወንድሜ ቅንጦት ነው ይላል።»

«የት ነው የሚኖረው?»

«እዚሁ ዳላስ አጠገብ፣ ፍሪስኮ።»

«እሱ ምን አለበት! ጥር ላይ ሚኒሶታ ይሂድና በረዶ የሆነ የቆዳ ወንበር ላይ ይቀመጥ እስቲ!»

ልጅቷ እየሳቀች መኪናዋን ሊሸጥላት ለነበረው ሐበሻ ኮል አደረገች።

«ሄሎ፣ ነጯን ተዋት። ቀይ ፈልግልኝ፤ በሪሞት የምትነሳ፣ የሞተር ማሞቂያ ያላት፣ መቀመጫዋም የሚሞቅ። አዎ፣ ዛሬውኑ! ምን ያስቅሃል?»

እኔ ሽማግሌው፣ በዳላስ የነሐሴ ሙቀት ላቤን በመሐረብ እየጠረግሁ፣ ወገቤን አሸት አሸት አድርጌ የሚሞቅ መቀመጫ ተመኘሁ።