ለዒድ ሲሉ የመዘዙት ክር

ስለ ክሩ ጥቅም ለአማቴ ቀድሜ ያልነገርኳቸው ደክሞኝ ነው ወይስ አፍሬ? እስከ ዛሬ አላውቀውም። ልጄ ሰሚራ ሳሙና ልሠራበት በብርጭቆ የበጠበጥኩትን ኮስቲክ ሶዳ ውሃ መስሏት ጠጣችና ጉሮሮዋ ተቃጥሎ ጠበበ። ወተት እንኳ አልወርድ አላት። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ አማቴ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ሐኪሙ ረጅም ክር አስውጧት ጫፉን በአፍንጫዋ አወጣና ጉንጯ ላይ ለጠፈው። በየሳምንቱ በዚያ ክር እየተመራ ጉሮሮዋን የሚያሰፋ የጎማ ቱቦ ያስገባላታል። ወደ ጀጎል ሐኪም ቤት ስመላለስ እግሬ አለቀ፤ ግን ሩዝ መዋጥ ጀምራ ነበር።

የዒድ ጠዋት ከጓዳ ብወጣ አማቴ አዲሱን ቀሚስ አልብሰዋታል፤ ክሩን መዘው በእጃቸው ይዘውታል። "ምነው እማማ!" ብዬ ጮህኩ። "ታዲያ በዒድ ቀን ክር ከአፍንጫዋ ተንጠልጥሎ ትውጣ? ሰው ምን ይላል? ሐኪሞቹ ረስተውት ነው!" አሉኝ። በዓሉ አልፎ ስንሄድ ሐኪሙ ሌላ ክር ቢሞክር አልገባ አለው። "ክሩ ስለወጣ መንገዱ ተዘግቷል። አዲስ አበባ ውሰጃትና በኦፕራሲዮን ይሥሩላት" አለኝ። አማቴ አብሬ ካልሄድኩ ብለው ልብሳቸውን ቋጥረዋል። "ወላሂ ደህና ትበላ ነበር፤ ምን ዘጋባት ልጄ?" እያሉ ይጠይቁኛል፤ እኔም ክሩን ስለመዘዙት መሆኑን እስካሁን አልነገርኳቸውም። እናንተ ብትሆኑ እውነቱን ትነግሯቸዋላችሁ? እባካችሁ ምከሩኝ።